ኦርኬስትራው ለልጁ ወይስ ልጁ ለኦርኬስትራው?

አንድ የኪነ ጥበብ ድርጅት ሲገመገም ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በመድረኩ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የድርጅቱ ትክክለኛ ማንነት ይበልጥ የሚታወቀው መጋረጃው ከመገለጡ በፊትና ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ለአባላቱ በሚያደርገው ነገር ነው። አባላቱ ሕፃናትና ወጣቶች በሆኑበት ጊዜ ደግሞ ይህ ሚዛን ጠበቅ ማለት ይኖርበታል። አዋቂ ሙዚቀኛ ያልተስማማውን ቡድን ትቶ መሄድ ይችላል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን መምህሩ ባስቀመጠው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

በቬኔዙዌላ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተውና በአጭሩ «ኤል ሲስቴማ»፣ ማለትም «ሥርዓቱ»፣ እየተባለ የሚጠራው የሕፃናትና የወጣቶች ኦርኬስትራዎች እንቅስቃሴ በ2025 ሃምሳ ዓመት ሞላው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ድርጅቱ ከልክ ያለፈ ውዳሴ ጎርፎለታል፤ በኋላም ውዳሴውን ያህል የከረረ ነቀፋ ደርሶበታል። ወዳሾቹም ሆኑ ነቃፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የተከሉት በትልልቆቹ ስሞችና በትልልቆቹ አዳራሾች ላይ ነበር። በአንድ የድሆች ሠፈር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ልጅ ቫዮሊን በአገጩ ሥር ይዞ ስለሚማረው ነገር የተጻፈው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

የድርጅቱ አመሠራረት የሚተረከው እንደሚከተለው ነው። በሙያቸው የኢኮኖሚ ባለሙያም ሙዚቀኛም የነበሩት ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በካራካስ ከተማ ለአንድ የወጣቶች ኦርኬስትራ ልምምድ ሃምሳ የኖታ ማስቀመጫዎች በስጦታ አገኙ፤ መቶ ልጆችም ይመጣሉ ብለው ጠበቁ። የመጡት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ። አብሬው ራሳቸው በ2009 ባደረጉት ንግግር እንዳስታወሱት፣ በዚያች ምሽት ከፊታቸው የተደቀነው ምርጫ ነገሩን መተው ወይም አሥራ አንዱን ወደ ሺሕዎች ማብዛት ነበር። ድርጅቱ የልደት ቀኑ አድርጎ የሚያከብረው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1975ን ነው። ይህ ቀን በቬኔዙዌላ የወጣቶች ቀን ነው፤ በ1814 በላ ቪክቶሪያ ከተማ ወጣቶች የተዋደቁበት የነፃነት ጦርነት ይታሰብበታል።

ትረካው ደስ ይላል። ችግሩ ሁሉን ነገር ከአንድ ሰው ጭንቅላት የፈለቀ ማስመሰሉ ነው። እንደማንኛውም የባህል እንቅስቃሴ ሁሉ ይህም እንቅስቃሴ ከእርሱ የቀደሙ አባቶች፣ እንዲሁም እንዲወለድ ያስቻሉት ቁሳዊ ሁኔታዎች ነበሩት። ከ1973 እስከ 1974 ባለው ጊዜ የነዳጅ ዘይት ዋጋ በአራት እጥፍ ያህል በማደጉ የቬኔዙዌላ መንግሥት ካዝና ሞልቶ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ በዋና ከተማዋ የነበረው ነባር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ወንበሮች በአብዛኛው ከአውሮፓ በመጡ ሙዚቀኞች የተያዙ በመሆናቸው በአገሩ ተምሮ የወጣው ወጣት የሚጫወትበት ቦታ አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ልጆች ወደዚያ ልምምድ የሄዱት ድህነትን ለማሸነፍ ሳይሆን በመጀመሪያ ደረጃ ወንበር ፍለጋ ነበር ማለት ይቻላል። ማኅበራዊው ዓላማ እያደር፣ እንቅስቃሴው ወደ አውራጃዎች ሲሰፋ፣ ይበልጥ ጎልቶ የወጣ ነው።

ስለ አባቶቹ ሲነገር መነሳት ያለበት ታሪክ የሚገኘው በቺሌ ነው። በሰሜናዊቷ የላ ሴሬና ከተማ ሆርሄ ፔኛ ሄን የተባሉ የሙዚቃ ደራሲና መምህር በ1964 ከተራ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ልጆችን ሰብስበው በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያ ነው የሚባለውን የሕፃናት ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቋቋሙ። የሠራተኛና የድሃ ልጅ መሣሪያ በነፃ ተሰጥቶት፣ ከመደበኛ ትምህርቱ ጎን ሙዚቃን በኅብረት እየተጫወተ እንዲማር ማድረግ የሚለው ሐሳብ የእርሳቸው ነበር። በሴፕቴምበር 1973 የጄኔራል ፒኖቼ የመንግሥት ግልበጣ ሲፈጸም ተያዙ። በእስር ቤት ሳሉ በተቃጠለ ክብሪት ጫፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ዜማ ጻፉ። በኦክቶበር 16 ቀን 1973 «የሞት ጉዞ» እየተባለ በሚታወቀው የወታደሮች ዘመቻ ከሌሎች አሥራ አራት እስረኞች ጋር ተረሸኑ። ዕድሜያቸው 45 ነበር። ሕፃናትን ሙዚቃ ማስተማር በጥይት የሚያስቀጣበት ዘመን ነበር።

ከዚህ በኋላ ከላ ሴሬና የተሰደዱ የሙዚቃ መምህራን በምዕራብ ቬኔዙዌላ፣ በላራ ግዛት ወደምትገኘው ካሮራ ከተማ መጥተው በከተማዋ የባህል ቤት ውስጥ የሕፃናት ኦርኬስትራ መሠረቱ። የካሮራው ቡድን የሥርዓቱ የመጀመሪያ የአውራጃ ማዕከል እንደሆነ ይቆጠራል። እንግዲህ ድርጅቱ ሁለት ምንጮች አሉት፤ አንደኛው ሥራ ያጡ የዋና ከተማ ወጣት ሙዚቀኞች ልምምድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጥይት የተረፉ መምህራን በሻንጣቸው ይዘው የመጡት የማስተማር ዘዴ ነው። ስለ አሥራ አንዱ ልጆች በየአዳራሹ ይተረካል። ስለ ካሮራው የባህል ቤት ግን ጥቂቶች ብቻ ያወራሉ። የአብሬውን የማደራጀት ችሎታና ጽናት ሳያሳንሱ ይህን ሚዛን ማስተካከል የታሪክ ጸሐፊዎች ግዴታ ነው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ የድርጅቱ ሕዋስ በስፓኝ ቋንቋ «ኑክሌዮ» የሚባለው የሠፈር ማዕከል ነው። ማዕከሉ የተዋበ ሕንጻ ላይሆን ይችላል፤ አሮጌ ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ ወይም ግቢ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከመደበኛ ትምህርቱ ሲወጣ ወደዚያ ይሄድና በሳምንት አምስት ወይም ስድስት ቀን፣ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። ትምህርቱ በነፃ ነው፤ መሣሪያውም በውሰት ይሰጣል። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በመዝሙር፣ በጭብጨባና በእንቅስቃሴ ይጀምራሉ። ከዚያም ብዙ ጎብኚዎችን የሚያስደንቀው «የወረቀት ኦርኬስትራ» ይመጣል። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር በካርቶንና በሙጫ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ይሠራሉ፤ ቀለም ይቀባሉ። ድምፅ በማያወጣው በዚያ መሣሪያ ላይ አያያዝን፣ አቀማመጥን፣ ለመሪው ምልክት መነሳትንና ዝም ማለትን ይማራሉ። እውነተኛው እንጨት እጃቸው ላይ ሲደርስ መሣሪያ መውደቅ እንደሌለበት፣ በቦታውም መቀመጥ እንዳለበት ያውቃሉ።

የወረቀቱ ኦርኬስትራ የተፈጠረው በመሣሪያ እጥረት ምክንያት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እጥረቱም አለ። ይሁንና በዘዴው ውስጥ ከእጥረት ያለፈ ብልሃት አለ። ወላጅ የልጁን ቫዮሊን በገዛ እጁ ቆርጦ ከለጠፈ በኋላ ማዕከሉ የባዕድ ተቋም መሆኑ ይቀራል። ስለ ቤትሆቨን ምንም የማያውቅ የቀን ሠራተኛ አባት ስለዚያ ካርቶን ግን ያውቃል። ሕዝብን ወደ ኪነ ጥበብ ማቅረብ ሲባል ብዙ ጊዜ በንግግር የሚቀረው ነገር እዚህ ላይ በሙጫና በመቀስ ተፈጽሞ ይታያል።

ሁለተኛው የሥራው ምሰሶ ታላቅ ታናሹን ማስተማሩ ነው። በተለመደው የአውሮፓ ኮንሰርቫቶሪ ልጁ ለዓመታት ብቻውን ከአንድ መምህር ጋር በሚዛንና በመልመጃ ላይ ከቆየ በኋላ ነው ኦርኬስትራ ውስጥ የሚገባው። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ገና ከጅምሩ በኅብረት ይጫወታል። ጥቂት ኖታዎችን ብቻ የሚችል ልጅ፣ በቀላሉ በተቀናበረ የቤትሆቨን ወይም የቻይኮቭስኪ ሥራ ውስጥ ያችን የሚችላትን ድርሻ ይጫወታል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ቀስቷን የያዘችበትን ዘዴ አጠገቧ ለተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ ታሳየዋለች፤ ባሳየችውም መጠን ራሷ ያልገባትን ታስተውላለች። የዘዴው ደካማ ጎንም አለ፤ ስሕተት አብሮ ይተላለፋል፤ በብቻ ልምምድ የሚገኘው የእጅ ጥራትም ይዘገያል። ነገር ግን አስተማሪ በጠፋበት ሠፈር ውስጥ አስተማሪን ከተማሪው መካከል ማውጣት የተቻለበት መንገድ ይህ ነው። በቀበሌና በከፍተኛ የኪነት ቡድኖች ውስጥ ያለፈ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የድርጅቱ ዕድገት ከመንግሥት ገንዘብ ተለይቶ አይታይም። በ1979 በመንግሥት ድርጅትነት ተቋቋመ። አብሬው ድርጅቱን ከባህል ሚኒስቴር ይልቅ በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ሥር ማስቀመጥን መረጡ፤ ኦርኬስትራ ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክር የዘጉት በዚህ ነው። በካርሎስ አንድሬስ ፔሬስ ሁለተኛ ዘመን ራሳቸው የባህል ሚኒስትር ሆኑ። እርስ በርስ የሚነቃቀፉ ፓርቲዎች ሥልጣን ሲለዋወጡ ድርጅቱ በጀቱን አላጣም። ከ1999 ጀምሮ በሁጎ ቻቬስ ዘመንም ይበልጥ ተስፋፋ፤ በኋላም በቀጥታ በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሥር ሆነ። በ2007 የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ 150 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደለት። ድርጅቱ ራሱ እንደሚገልጸው ከ400 በላይ ማዕከሎች አሉት፤ የተመዘገቡት ልጆችም ከአንድ ሚሊዮን አልፈዋል። ለማንኛውም መንግሥት ሳይቀየሙና ሳይቀያየሙ መኖር ብልህነት ነው። የብልህነቱ ዋጋ ግን ኋላ እንደሚታየው ተጠራቅሞ የሚከፈል ነበር።

ከፍሬዎቹ መካከል ስማቸው የገነነውን ማንሳት ይበቃል። በ1981 በባርኪሲሜቶ የተወለደው ጉስታቮ ዱዳሜል በ2004 በጀርመን በባምበርግ ከተማ በማህለር ስም የሚካሄደውን የኦርኬስትራ መሪዎች ውድድር አሸነፈ፤ በ2009 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ ዲሬክተር ሆነ። ኮንትራባስ ተጫዋቹ ኤዲክሶን ሩዊስ በ17 ዓመቱ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን ተቀላቀለ። በ2007 የሲሞን ቦሊቫር ኦርኬስትራ በለንደን ባቀረበው ትርዒት ወጣቶቹ እየጨፈሩ ሲጫወቱ የታዩበት ምሽት ለብዙ አገሮች አርአያ ሆነ። ስኮትላንድና አሜሪካን ጨምሮ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ማዕከሎች ተከፈቱ።

ታዲያ ወደ ማዕከሎቹ የሚገቡት እነማን ናቸው? ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም አዳራሽ ውስጥ ከሚነገረው የተለየ ነው። አበዳሪው ባንክ ራሱ ያሠራውና በ2017 የታተመው ጥናት በ16 ማዕከሎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 የሆኑ 2,914 ልጆችን ተከታትሏል። ከፊሎቹ ቀድመው፣ ከፊሎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲገቡ በዕጣ ተለይተው ነበር። በውጤቱም ራስን በመግዛት ረገድ መጠነኛ መሻሻል ታየ፤ በተለይ እናቶቻቸው አነስተኛ ትምህርት ባላቸው ልጆችና ለዓመፅ በተጋለጡ ወንዶች ልጆች ዘንድ የተሻለ ለውጥ ተገኘ። በአእምሮ ችሎታና ከሌሎች ጋር ባለ ግንኙነት ግን ለሁሉም የሚሠራ ለውጥ አልታየም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሌላው አኃዝ ነው። ጥናቱ በተካሄደባቸው ግዛቶች ከሕዝቡ መካከል ድሃ ተብሎ የተገመተው 46.5 በመቶ ሲሆን፣ ወደ ማዕከሎቹ ከገቡት ልጆች መካከል ድሃው 16.7 በመቶ ብቻ ነበር።

የአንድ ዓመት ክትትል የአሥር ዓመትን ለውጥ አያሳይም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ሁለተኛውን አኃዝ ግን ክርክር አያነሳውም። በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ሁሉም ይገባል ማለት አይደለም። ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ገበያ የሚላክ ልጅ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ትርፍ የለውም። ልጁን በየቀኑ አድርሳ የምትመልስ እናትም ሥራዋ የሚፈቅድላት መሆን አለባት። በነፃ የሚሰጥ ትምህርት ጊዜን በነፃ አይሰጥም። ድርጅቱ ለድሆች ነው እየተባለ በተነገረ ቁጥር ይህ ጥያቄ መነሳት ሲገባው፣ የተመዘገቡት ብዛት እየተጠራ ጥያቄው ታለፈ።

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ምሁር ጄፍሪ ቤከር በአገሩ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህም የበረታ ሂስ አቅርበዋል። እንደ እርሳቸው አባባል ኦርኬስትራ የመልካም ኅብረተሰብ አምሳያ ነው የሚለው የአብሬው እምነት የተገለበጠ ነው፤ አንድ ሰው በትር ይዞ ሌላው ሁሉ የሚታዘዝበት አደረጃጀት ታዛዥነትን እንጂ ዜግነትን አያስተምርም። ሂሱ ፍሬ አለው። የልጆቹ ልምምድ ለሰዓታት የሚረዝመው፣ አንድ ሥራ ደጋግሞ የሚታሸው፣ እንግዳ በመጣ ጊዜም ትምህርቱ ተቋርጦ ትርዒት የሚዘጋጀው ለልጁ ጥቅም ነው ማለት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ቤከር ኦርኬስትራውን ያዩት ከመሪው በትር በኩል ነው። ከኋለኛው ረድፍ ወንበር ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሁለት ልጆች በአንድ የኖታ ማስቀመጫ ፊት ተቀምጠው አንዱ ሲጫወት ሌላው ገጽ ይገልጣል፤ የአንዱ ቀስት ከተሳሳተ የረድፉ ድምፅ ሁሉ ይበላሻል። ይህን የመሰለ ኃላፊነት በትሩ የሚያዝዘው ሳይሆን ከጎረቤት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ኦርኬስትራ በባሕርዩ ጨቋኝ ነው ማለት ወይም በባሕርዩ ነፃ አውጪ ነው ማለት አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። የሚወስነው ማዕከሉ የሚመራበት መንገድ ነው።

ስለሚጫወቱት ሙዚቃም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። የአውሮፓ ታላላቅ ሥራዎች የበላይነት አያከራክርም። ነገር ግን የሜክሲኮው አርቱሮ ማርኬስ፣ የአርጀንቲናው ሂናስቴራና የቬኔዙዌላው ኤቬንሲዮ ካስቴያኖስ ሥራዎች በዓለም መድረኮች የታወቁት ባመዛኙ በእነዚህ ወጣቶች እጅ ነው። ኳትሮ የተባለችው ባለ አራት ክር የአገሩ መሣሪያና የሜዳው ሕዝብ ዘፈን የራሳቸው ኦርኬስትራዎች የተቋቋሙላቸው ግን በ2011 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት መዘግየቱ በልጁ ቤት የሚሰማው ዜማ ለማዕከሉ ምን ያህል ባዕድ ሆኖ እንደቆየ ይመሰክራል።

ተጠራቅሞ የነበረው ዋጋ የተጠየቀው በ2017 ነው። በሜይ 3 ቀን በካራካስ በተደረገ የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ከድርጅቱ ማዕከሎች የወጣ አንድ ቪዮላ ተጫዋች ወጣት ተገደለ። እስከዚያ ድረስ ስለ ፖለቲካ ዝም በማለቱ ሲወቀስ የኖረው ዱዳሜል ድምፁን አሰማ፤ መንግሥትንም በጽሑፍ ተቸ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሱ ሊመራው የነበረው የብሔራዊ ወጣቶች ኦርኬስትራ የአሜሪካ ጉዞ ተሰረዘ። ለወራት የተለማመዱት ልጆች የከፈሉት ቅጣት እነርሱ ባልጻፉት ጽሑፍ ምክንያት ነበር። አብሬው በማርች 2018 በ78 ዓመታቸው ሲሞቱ ድርጅቱን ከቤተ መንግሥቱ የሚለየው ግድግዳ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ግልጽ ሆኖ ነበር።

በኖቬምበር 13 ቀን 2021 ደግሞ 8,573 ሙዚቀኞች በካራካስ የጦር አካዳሚ ሜዳ ላይ ተሰልፈው የቻይኮቭስኪን «የስላቭ ማርሽ» በአንድነት በመጫወት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩ። ልጆቹ በዚያን ቀን የተሰማቸው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ሊነፈጋቸውም አይገባም። ሆኖም ስምንት ሺሕ ሰው አብሮ ሲጫወት ማንም የራሱን ድምፅ አይሰማም። በማዕከሉ ውስጥ ልጁ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር መስማት ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ የተፈለገው ግን መቆጠር ነበር። ሙዚቃ በሰው ብዛት በሚለካበት ሥፍራ ከሙዚቃነቱ ይልቅ ሰልፍነቱ ያመዝናል።

በዚያው ዘመን የነዳጅ ገቢ አሽቆልቁሎ፣ ገንዘቡ ዋጋ አጥቶ ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጡ ቬኔዙዌላውያን አገራቸውን ለቀዋል፤ ከእነርሱም መካከል በማዕከሎቹ የሠለጠኑ ሙዚቀኞችና መምህራን ብዙ ናቸው። የሙዚቃ መምህር ደመወዝ ለክር መግዣ እንኳ አልበቃ ባለበት ጊዜ መሄዳቸው አያስወቅስም። በአንጻሩም የቀሩት ማዕከሎች ሥራቸውን የቀጠሉት ያው የጥንቱ ዘዴ ስለነበራቸው ነው፤ መምህሩ ሲሄድ ታላቁ ተማሪ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ክብረ ወሰኑ፣ የባንክ ብድሩ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ሊሠሩት የማይችሉት ሥራ ይህ ነው።

ከተሰደዱት መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ወደ ቺሌ ሄደዋል። በሳንቲያጎ ከተማ በመጀመሪያ በባቡር ጣቢያዎችና በመንገድ ዳር ሲጫወቱ የታዩት ቬኔዙዌላውያን ኋላ ተሰባስበው ኦርኬስትራ አቋቋሙ፤ የስደተኛና የቺሌ ልጆችንም አብረው ማስተማር ጀመሩ። ከላ ሴሬና መምህራን ወደ ካሮራ በመጡ በአርባ ዓመት ገደማ፣ ዘዴው በሌሎች ሰዎች እጅ፣ በቫዮሊን ሣጥን ውስጥ፣ ወደ መጣበት አገር ተመለሰ።